ከብርዱ ይልቅ እሳቱን ፍሩ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ባለፈው ሰሞን በአንባቢያን ዓምዳችሁ አንድ ጸሐፊ አሜሪካ የምንኖረውን ወገኖቻቸውን ሲወርፉ፣ «ቤት መከራየት አቅቷቸው ከውሻና ከድመት ጋር በመኪና ውስጥ የሚያድሩ፣ ለውሻቸው ጫማ የሚገዙ» የሚል ነገር ጣል አድርገዋል። ጸሐፊው አያውቁኝም፤ የጻፉት ግን ስለ እኔ ነው። የምኖረው በተጎታች ቤት ውስጥ ነው። ውሻም ድመትም አለኝ። ለውሻው ጫማ ገዝቼለታለሁ፤ እግሩ አራት ስለሆነም የገዛሁት ሁለት ጥንድ ነው። እንግዲህ መልሱን ከእኔ የተሻለ የሚሰጥ አይገኝምና ቦታ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። ደብዳቤዬ ግን ለወረፋው መልስ ብቻ አይደለም። እዚህ ብርድ ውስጥ በቅርብ የማየው አደጋ፣ በተዘጋ ቤት እሳት አንድዶ መታፈን፣ እናንተ ዘንድ በከሰል በየዓመቱ ሰው ከሚቀጥፈው ጋር አንድ ስለሆነ፣ እግረ መንገዴን እሱን ላነሳ ነው።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ መካኒክ ነበርኩ፤ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ወገቤ አልታዘዝ እስኪለኝ ድረስ የጭነት መኪና ስነዳ ኖርኩ። ውሻዬን ያገኘሁት ኔብራስካ ውስጥ ሾፌሮች በሚያርፉበት ነዳጅ ማደያ፣ ከመኪናዬ ጎማ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቶ ነው። ስሙን መቻል አልኩት። ፒት ቡል የሚሉት፣ ይናከሳል ተብሎ የሚፈራው ዘር አለበት። ዴንቨር ከተማ ይህን ዘር እ.ኤ.አ. በ1989 ከልክላ፣ ክልከላው በ2020 በሕዝብ ድምፅ ተነስቷል፤ የአከራዮች ክልከላ ግን አብሮ አልተነሳም። የሚቀበሉትም ቢሆኑ ከቤት ኪራዩ ሌላ በየወሩ የውሻ ኪራይ ያስከፍላሉ። ሒሳቡን ሠራሁና ያጠራቀምኩትን አውጥቼ አርቪ ከሚባሉት ውስጥ አንዲት ያገለገለች ተጎታች ቤት ገዛሁ፤ ከዴንቨር በስተምሥራቅ፣ አውሮራ አጠገብ፣ ከነውሃውና ከነመብራቱ በሚከራይ ማቆሚያ ላይ አቆምኳት። ድመቷ የመጣችው በራሷ ጊዜ ነው። አንድ የመከር ማታ ከወለሉ ሥር ወጥታ በተከፈተው በር ገባች፤ የቤቱ ባለቤት እኔ ልሁን እሷ እስካሁን አልተጣራም። እሜቴ እላታለሁ።

የብርድ ነገር ከተነሳ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ዴንቨር ግን ከ1600 ሜትር ብዙም አትዘልም። በከፍታ ቢሆን የእኛ ይብስ ነበር። ነገር ግን የደብረ ብርሃን ውርጭ ሌሊት ይወርድና ፀሐይ ስትወጣ ይነሳል፤ ቀትር ላይ ሰው ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል። እዚህ ከካናዳ በኩል እየተንደረደረ የሚመጣ አየር አለ፤ እሱ ከገባ ቀንና ሌሊት አይለይም። ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ በሹራብ ብቻ ሆኜ ደጅ የጋዝ ሲሊንደር ስቀይር ነበር። አመሻሹ ላይ ብርዱ ገባ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል አሽቆለቆለ። በማግስቱ በዴንቨር አየር ማረፊያ ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ ተመዘገበ፤ ከተማዋ እንዲህ ያለ ብርድ ካየች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። በዚህ ብርድ የበሩን እጀታ በእርጥብ እጅ የያዘ ሰው ቆዳውን እዚያው ትቶ ሊሄድ ይችላል።

ይህን ብርድ ከእኔ የሚለየው ግድግዳ ውፍረቱ ሦስት ጣት ነው። እነዚህ ቤቶች የተሠሩት በበጋ ቤተሰብ ይዞ ሐይቅ ዳር ለመዝናናት ነው፤ ክረምቱን የሚከርምባቸው እንደ እኔ ያለው ነው። ወለላቸው ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ንፋሱ ከታች ይገባል፣ ከታች ይወጣል። ስለዚህ ከወለሉ ጠርዝ እስከ መሬት ያለውን ክፍተት ዙሪያውን በፎም ሰሌዳ እዘጋዋለሁ። ይህን የማያደርግ ሰው ያለውን ጋዝ ሁሉ ቢያነድ እግሩ አይሞቅለትም። ውሻና ድመት ደግሞ የሚኖሩት እግር ባለበት ከፍታ ላይ ነው። እኔ ቆሜ ፊቴ ላይ ሙቀት ሲሰማኝ፣ መቻል በተኛበት ወለል ላይ ቴርሞሜትሩ በጣም ያነሰ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን ከግድግዳው አውርጄ እሱ በሚተኛበት ልክ አስቀመጥኩት፤ መኝታውንም ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ በጣውላ ሠራሁለት። እሜቴ ምክር አላስፈለጋትም። የጋዙ ማሞቂያ ሞቃት አየር የሚያወጣበትን ቀዳዳ ፈልጋ አግኝታ እላዩ ላይ ትተኛበታለች፤ እሷን ከዚያ ማንሳት የዘወትር ሥራዬ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ውሃው ነው። ከደጅ ቧንቧ ወደ ቤቱ የሚመጣው የውሃ ጎማ በመጀመሪያው ሌሊት እንደ ዱላ ይደርቃል። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጎማ ይሸጣል፤ አለኝም። ብርዱ ሲጠና ግን እሱንም አላምነውም፤ በጊዜ የቤቱን ታንከር እሞላና ጎማውን ነቅዬ፣ ውስጡ ያለውን ውሃ አፍስሼ፣ ጠቅልዬ አስገባዋለሁ። የፍሳሹ ነገር ደግሞ ለጀማሪ ተገላቢጦሽ ይመስላል፤ የፍሳሽ ታንከሩ መዝጊያ መከፈት የሌለበት በብርድ ጊዜ ነው። ክፍት ከተተወ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ በቱቦው ውስጥ እየተጋገረ ይሄድና በጥቂት ሌሊት ውስጥ ቱቦው ሙሉ በሙሉ በረዶ ይሆናል። ዘግቶ ማጠራቀም፣ ሲሞላ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ነው መፍትሔው። የተጋገረ የፍሳሽ ቱቦ በሙቅ ውሃ ሲያቀልጥ የዋለ ጎረቤት አይቻለሁ፤ ዝርዝሩን ምሳ ሰዓት ላይ ለሚያነቡ ስል እተወዋለሁ።

አዲስ ገቢዎች ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ጋዙ ውድ ነው፤ መብራቱ ከኪራዩ ጋር የተከፈለ ነው፤ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብቻ ለምን አላሞቅም?» ይላሉ። ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ የአብዛኞቹ ቤቶች መስመር 30 አምፔር ነው፤ በ120 ቮልት ሲሰላ 3600 ዋት ይሆናል። አንዱ ማሞቂያ 1500 ዋት ይበላል። ሁለቱን አብርቶ በላዩ ቡና ማፍያ የሰካ ሰው ብሬከሩን እየመለሰ ያድራል፤ በቀጭን ማከፋፈያ ላይ ከሰካው ደግሞ ሶኬቱን ያቀልጠዋል። ሁለተኛው መልስ የመካኒክ ነው። የቤቱ የራሱ የጋዝ ማሞቂያ ሞቃት አየሩን የሚያሳልፈው በወለሉ ሥር ነው፤ ቧንቧዎቹም የሚያልፉት በዚያው ነው። ማሞቂያው ሲነሳ ቧንቧዎቹም አብረው ይሞቃሉ። እሱን አጥፍቶ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሰው ሳሎኑ ሞቆት ተኝቶ ሲነሳ ከእግሩ ሥር ያለው ቧንቧ ተሰንጥቆ ያገኘዋል።

ሲሊንደሮቹም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ወደ ጋዝነት መለወጡን አያቆምም፤ ቡቴን ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ላይ ይለግማል። ስለዚህ እዚህ የምንጠቀመው ፕሮፔኑን ነው። እሱም ቢሆን ብርዱ ሲበረታ ግፊቱ ይደክማል፤ የጋዙን ግፊት የሚያስተካክለው ሬጉላተር ውስጥ ጥቂት እርጥበት ካለ እሱም ይጋገራል። የማሞቂያውን አየር የሚነፋው ፋን የሚሠራው በባትሪ ስለሆነ ባትሪው ከደከመ ጋዝ ሞልቶም ቤቱ ይበርዳል። ተራው የመኪና ባትሪ በእንዲህ ያለ ብርድ ግማሽ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። አዲሱ የሊቲየም ዓይነት ደግሞ ከዜሮ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ይበላሻል፤ እኔ የራሴን ከአልጋዬ ሥር አስገብቼዋለሁ።

አሁን ወደ ውሻው ጫማ ልምጣ። የማቆሚያው ሠራተኞች በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ። ጨው የረገጠ ውሻ መዳፉ ይሰነጠቃል፣ ያቃጥለዋል፤ ከዚያም ይልሰዋል፤ ከላሰው ሆዱ ይረበሻል። ጫማው ለዚህ ነው። ከደጅ ሲመለስ መዳፉን በለብ ያለ ውሃ አጥቤ በጣቶቹ መካከል የተያዘውን በረዶ አወጣለታለሁ። ጸጉሩ አጭር ነው፤ ብርዱ ከበረታ ሽንቱን ሸንቶ እስኪመለስ ብቻ ነው የምወጣው። አንዱን እግር እያነሳ ከቆመ ነገሩ አብቅቷል፤ ይመለሳል። በብርድ ወራት ምግቡንም ጨመር አደርግለታለሁ፤ የሚንቀጠቀጥ ገላ ብዙ ይፈጃልና። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚለውን አባባል ለራሴ እየተውኩ ለእሱ ተግባራዊ ያደረግኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ድመት ያለው ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ይህ ለአዲስ አበባም ይሠራል። በመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው እንዳይረጋ የሚያደርገው ፈሳሽ፣ ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት፣ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው። መሬት ላይ ከተንጠባጠበው ድመት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ብትልስ ኩላሊቷ ተበላሽቶ ትሞታለች። ለተጎታች ቤት ቧንቧ የሚሸጠው ሮዝ ቀለም ያለው ፈሳሽ ሌላ ነው፤ መርዝነቱ በጣም ያነሰ ነው፤ ሆኖም ለድመት የሚስማማ አይደለምና ክዳኑን አጥብቄ እዘጋዋለሁ። ጠዋት ሞተር ከማስነሳቴ በፊት ደግሞ የመኪናውን ኮፈን በእጄ መታ መታ አደርጋለሁ። የሠፈር ድመቶች ገና ያልበረደ ሞተር ላይ ወጥተው ያድራሉ።

ወራፊው ጸሐፊ ከእንስሳ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር የባዕድ ልማድ የመሰላቸው ይመስላል። የእናቴ ወገን መንዝ ነው። አያቴ ቤት በአንድ ወገን ጋጣ ነበር፤ በጎቹና ጥጃዋ ከእኛ ጋር ነበር የሚያድሩት። እኛ ልጆቹ በርኖስ ውስጥ ተጠቅልለን ወደ ጋጣው በኩል ለመተኛት እንሻማ ነበር፤ ሙቀቱ ከዚያ ነዋ! መንዝ እንስሳውን አስገብቶ ብርዱን የቻለው ዲያስፖራ ስለሆነ አይደለም። ውሻው በእርግጥ ደጅ ነበር የሚያድረው። ግን የአያቴ ውሻ ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ አላየም።

ስለ እርጥበት ካልጻፍኩ ደግሞ ወደ ዋናው ነገር አልደርስም። በጠባብ ቤት ውስጥ ሰውና ውሻ ሲተነፍሱ፣ ሽሮ ሲንተከተክ፣ ካልሲ ሲደርቅ፣ ውሃው የትም አይሄድም። መስኮቱና ግድግዳው ያልበዋል፤ ላቡ ሌሊት በረዶ ይሆናል፤ ጠዋት ይቀልጥና ፍራሽ ሥር ይገባል። ፍራሹን ባነሳሁ ጊዜ ጣውላው ጠቁሮ ሻጋታ ካየሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ምድጃ ቤት ውስጥ ከነደደ ደግሞ የባሰ ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ቤቱ ውስጥ ይለቃል። ሰውዬው ሞቀኝ ይላል፤ ግድግዳው ግን ይረጥባል፤ የረጠበ ብርድ ልብስና የረጠበ የውሻ ጸጉር ደግሞ ሙቀት አይይዝም። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ብርድ ውስጥ የጣሪያዬን መተንፈሻ ሁለት ጣት ያህል ከፍቼ ነው የማድረው። እንግዳ ሲመጣ «አብደሃል?» ይለኛል። ደረቅ ቤት በትንሽ ሙቀት ይሞቃል፤ እርጥቡ ግን ምንም ቢነድበት አይሞቅም።

ያ ክፍተት ሌላም ሥራ አለው። በዚያ የታኅሣሥ ብርድ ከእኔ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ አንድ አረጋዊ አሜሪካዊ ሁለት ትናንሽ ውሾች ይዞ ይኖር ነበር። ውሾቹ እኔና መቻል ባለፍን ቁጥር መስኮት ላይ ወጥተው የሚጮሁ፣ ያሰለቹኝ ናቸው። ያን ዕለት ጠዋት አልጮሁም። በሩን ብመታ ዘግይቶ ከፈተ፤ ፊቱ ፈዟል፣ ራሱን ይዟል። ማሞቂያው ሌሊት ቆሞበት የምድጃውን ኦቨን አብርቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ብርድ እንዳይገባ የጣሪያውን መተንፈሻ በፕላስተር አሽጎ ነበር። ውሾቹ ሶፋው ላይ ተዘርግተው ዓይናቸውን ብቻ ነው የገለጡት። ጋዙን አጥፍተን፣ በሩን ወለል አድርገን፣ ሁሉንም ወደ መኪናዬ አስገብቼ 911 ደወልኩ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መለኪያቸውን ይዘው ገብተው ሲወጡ ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር አልጠፋኝም። ሰውዬውም ውሾቹም ተርፈዋል። የካርቦን ሞኖክሳይድ (እሳት ሲነድ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ) ማስጠንቀቂያው የት እንዳለ ሲጠይቁት መሳቢያ ከፍቶ አሳያቸው፤ ሌሊት እየጮኸ ስላስቸገረው ባትሪውን አውጥቶለት ነበር።

ብርድ የሚፈራ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ እሳት ያስገባል፣ ቀዳዳ ይደፍናል። የተጎታች ቤቱ የራሱ ማሞቂያ ሲሠራ እሳቱ የሚነድበት ክፍል የታሸገ ነው፤ አየር ከደጅ ይስባል፣ የተቃጠለውንም ወደ ደጅ ያወጣል። ኦቨን፣ የካምፕ ምድጃ፣ ከሰል፣ ጄኔሬተር ይህ የላቸውም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ኦክስጅን የሚሸከመውን የደማችንን ክፍል ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ ሰው ጉንፋን መስሎት ተሸፋፍኖ ይተኛል። ትናንሽ እንስሳት ፈጥነው ስለሚተነፍሱ ብዙ ጊዜ ከሰው ቀድመው ይመታሉ፤ ሆኖም ውሻ አለኝ ብሎ ማስጠንቀቂያውን የተወ ሰው ውሻውንም ራሱንም ያጣል። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ቴክሳስ በረዶ ወርዶ መብራት በጠፋ ጊዜ የግዛቲቱ ጤና ቢሮ የቆጠረው 246 ሟች ነበር። ከእነዚህ መካከል ለመሞቅ ብለው በገዛ ቤታቸው የታፈኑ ነበሩበት፤ የእኛው ወገኖችም ጭምር።

እንግዲህ ወደ አገር ቤት ልመለስ። የአያቴ ቤት መሐል ላይ ምድጃ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ፍም አይጠፋውም፤ ግን ማንም አልታፈነም። ሣሩ ነው ያተረፈን። የሣር ክዳን ይተነፍሳል፤ ጭሱም፣ የማይታየውም ነገር በሣሩ መካከል ያልፋል። ዛሬ ያው ፍም የገባው በኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ፣ በተለሰነና ኮርኒስ በተመታለት የኪራይ ቤት ውስጥ፣ በአንድ በርና በአንዲት መስኮት የጥበቃ ቤት ውስጥ ነው። ሰዉ «ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም» ብሎ ያስገባዋል። ብዙ ሰው የሚያልቀው በዚህች እምነት ነው። የቀላው፣ የማይጨሰው፣ አመድ የለበሰው ከሰልም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጭሱ ቢኖር እንኳ ዓይን አቃጥሎ ሰው ያስነሳ ነበር። የአራስ ቤት ይዘጋል፣ ከሰል ይገባል። ጫጩት የሚያሳድጉ ሰዎች በክረምት ጫጩቶቹን በከሰል ሲያሞቁና አጠገባቸው ሲተኙ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጫጩቶቹ ረግፈው ሲያገኙ በሽታ ገባብኝ የሚሉ ነበሩ።

ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። በከሰል ጭስ ቤተሰብ ሙሉ ሲያልቅ ዜናውን ትጽፋላችሁ፤ ከፖሊስ የተገኘ መግለጫ፣ የሟቾች ቁጥር፣ «ኅብረተሰቡ ጥንቃቄ እንዲያደርግ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ጥቅምት ከመግባቱ በፊት፣ መስከረም ሲያልቅ፣ በፊተኛው ገጽ ላይ ጻፉት። ከሰሉ ውጭ እንዲቀጣጠልና ውጭ እንዲያድር፣ የቀላውም እንደሚገድል፣ በተዘጋ ክፍል ራሱን ያመመው ሰው ከመተኛት ይልቅ መውጣት እንዳለበት ንገሩ። አራስ ላለባቸውና ለጥበቃ ሠራተኞች አሠሪዎች ለይታችሁ ጻፉ። የጥበቃ ሠራተኛው ፍሙን የሚያስገባው ብርድ ልብስ ስላልተሰጠው ነው። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ካላት ብዙ ዘመኗ ነው፤ ለአንድ ዘበኛ ሁለት ብርድ ልብስ መግዛት ለየትኛውም መሥሪያ ቤት ከባድ አይደለም።

እዚህ ላላችሁና የቤት ኪራይ አንገሽግሿችሁ ተጎታች ቤት ለመግዛት ለምታስቡ ወገኖቼም ጥቂት ልበል። ሻጩ በሐምሌ ሲያሳያችሁ ሁሉም ቤት ያምራል። ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ፤ ታንከሮቹና ቧንቧዎቹ ተሸፍነዋል ወይስ ለንፋስ ተጋልጠዋል? የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ላይ የተሠራበትን ዓመት አንብቡ፤ ዕድሜ አለው፤ ካለፈበት ላይጮህ ይችላል፤ አዲሱ ከአንድ ሲሊንደር ጋዝ ብዙም አይበልጥም። ሲሊንደሩ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሁልጊዜ የሞላ። መብራት ቢጠፋ እናንተም እንስሳችሁም የምትሄዱበትን ቤት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የብርድ መጠለያዎች ሁሉ ውሻ አይቀበሉምና ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሞ ይህን ማወቅ መጥፎ ነው። እኔ የምሄድበት አውሮራ ውስጥ ያለ አንድ ወዳጄ ቤት ነው። ባለቤቱ ውሻ ትፈራለች፤ በረዶ ሲዘንብ ግን ራሷ ደውላ «ና፤ ያንንም ይዘኸው ና» ትለኛለች።

ክቡር አዘጋጅ፣ ደብዳቤዬ እንደረዘመ አውቃለሁ። ቦታ ካጠራችሁ ስለ መቻልና ስለ እሜቴ የጻፍኩትን ቁረጡት፤ ቅር አይለኝም። የከሰሉን ግን አትንኩብኝ።

ከአክብሮት ጋር
የደብረ ብርሃኑ መካኒክ
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ